አረጋውያን በእግራቸው ቆመው እንዲኖሩ፦ የታለመ የሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅም

የባሌ ደጋ አረጋውያን ከእርሻ ወደ ገበያ፣ ከመንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገትና ቁልቁለቱን በእግር ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ግን በሮቤና በጎባ አጭሩ መንገድ ሳይቀር በባጃጅ ይኬዳል፤ በጡረታ ላይ ያሉ ብዙዎችም ቀኑን ተቀምጠው ይውላሉ። ጉልበታቸው ሲደክምም ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። እኛ ግን የእግር መድከም ሁሉ የዕድሜ ግዴታ አለመሆኑን ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት ልናስገነዝብ እንወዳለን።

ድካሙ ከየት ይመጣል?

ጡንቻ በዕድሜ እየሳሳ መሄዱ እውነት ነው፤ ሥራ ሲፈታ ግን መሳሳቱ ይፈጥናል። በተለይ የጭንና የባት ጡንቻ ሲደክም ከወንበር መነሣት ይከብዳል፣ ሚዛን ይጠፋል። በክረምት የሮቤ ጥቁር አፈር ሲጨቀይ አንድ መንሸራተት የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። አንድ ጊዜ የወደቀ አረጋዊ መራመድን ይፈራል፤ ሲፈራ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ይበልጥ ይደክማል። በመጨረሻም ከቅዳሴው፣ ከማኅበሩና ከለቅሶው ይቀራል።

የደከመ ጡንቻ ግን ይመለሳል። በአሜሪካ ቦስተን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆኑ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት የጭን ጡንቻቸውን በክብደት አሠልጥነው ጥንካሬያቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨምሯል።

ምን ይደረግ?

የእግር ጉዞ ለልብና ለሳንባ ይጠቅማል፤ ለጥንካሬና ለሚዛን ግን ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይም ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቤት የሚከተሉትን መጀመር ይቻላል፦

1. በግድግዳ ከተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ 8 ወይም 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤
2. ግድግዳ ይዞ ተረከዝን 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ፤
3. በግድግዳ አጠገብ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድሞ 10 ሰከንድ መቆም።

ሲለምዱት ቁጥሩን ጥቂት በጥቂት መጨመር ይገባል፤ ያልከበደው ጡንቻ አይጠነክርምና።

ስግደት አምልኮ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ሆኖም ማጎንበሱና መነሣቱ እነዚሁኑ ጡንቻዎች ያሠራል። ነገር ግን በሰንበታትና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስለማይሰገድ፣ የአረጋውያን ጉልበት በእርሱ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ዓመቱን ሙሉ ጡንቻውን ያሠራ አረጋዊ የስቅለት ዕለት ስግደትም ይቀልለዋል።

ጥንቃቄና የሰበካው ድርሻ

የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም በቅርቡ የወደቁ አረጋውያን አስቀድመው በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም በጎባ ሆስፒታል ይመርመሩ። ደረት ቢወጋ፣ ራስ ቢያዞር ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። የደጋው ብርድ ስለሚበረታ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቢጀመር ይመረጣል።

ሰበካ ጉባኤያት በሳምንት ሦስት ቀን አዳራሻቸውን ሊከፍቱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አጠገባቸው ሊያቆሙ፣ በደረጃዎች ላይም የእጅ መደገፊያ ሊያሠሩ ይችላሉ። ካህናትም ለጸበል ወይም ለጸሎት ወደ ቤት ሲገቡ፣ ከወንበሩ ለመነሣት የተቸገረውን አረጋዊ አስተውለው ቤተሰቡን ቢመክሩ፣ ያ አረጋዊ ተመልሶ በእግሩ ደጀ ሰላም እንዲደርስ ይረዱታል።