በተኩስ ጨዋታ አድፍጦ መጠበቅ አግባብ ነውን?

ይህን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ክርክር ነው። ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱት የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታ ሲያልቅ፥ የተሸነፈው ወገን «ይህ እኮ ጨዋታ አይደለም፤ ጥግ ይዛችሁ ተኝታችሁ ነው ያሸነፋችሁን» ይላል። አሸናፊውም «ታዲያ ማን ከለከለኝ?» ሲል ይመልሳል። ነገሩ በሳቅ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚያ አልፎ «አጭበርባሪ» እስከ መባባልና እስከ መኳረፍ ይደርሳል። አጭበርባሪ የሚለው ስም ደግሞ በጨዋታም ቢሆን ቀላል ስም አይደለም። ሰውን በዚህ ስም ከመጥራት አስቀድሞ ነገሩን መመርመር የተገባ ስለ ሆነ፥ እንደ ዐቅሜ ያገኘሁትን ለአንባብያን አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የቃሉ ትርጉምና የነገሩ አመጣጥ

ተጫዋቾች ይህን አድራጎት «ካምፒንግ» ይሉታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ድንኳን ተክሎ መስፈር ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ሐሳቡን ይበልጥ የሚገልጸው «ማድፈጥ» የሚለው ነው። ይኸውም ተጫዋቹ በሜዳው እየተዘዋወረ ባላጋራውን በመፈለግ ፈንታ፥ አንድ ጥግ ወይም መስኮት ወይም ቁጥቋጦ ይዞ ሌላው በፊቱ እስኪያልፍ ድረስ መጠበቁ ነው።

ነገሩ ከጨዋታዎቹ ጋራ አብሮ ያደገ ነው። በ1993 ዓ.ም. «ዱም» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ እስከ አራት ሰዎች በተያያዙ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ይገጥሙ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው «ኩዌክ» ደግሞ በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ ያሉትን ተጫዋቾች አገናኘ። በኩዌክ ሜዳ ውስጥ ኃይለኛው መሣሪያና የደረት መከላከያው በታወቀ ስፍራ ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው ባነሣቸው ጊዜም ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ እዚያው ቦታ እንደ ገና ይገኛሉ። ስለዚህ ብልኅ የሆነ ሰው ከዚያ ስፍራ አጠገብ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ መምታት ይችል ነበር። ቅሬታውም ያን ጊዜ በረታ።

2. ክሱና መልሱ

በአድፋጩ ላይ የሚቀርበው ክስ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፥ ያለ ችሎታ ያሸንፋል ይባላል። ሁለተኛ፥ ፈሪ ነው ይባላል። ሦስተኛ፥ ጨዋታውን ይገድላል ይባላል።

ስለ መጀመሪያው ስንመለከት፥ ለማድፈጥ ችሎታ አያስፈልግም የሚለው አነጋገር ትክክል ሆኖ አይገኝም። ስፍራ መምረጥ፥ የእግር ኮቴ ድምፅ ማዳመጥ፥ የባላጋራን መንገድ አስቀድሞ መገመት፥ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣት ፈጣን ያልሆነለት ሰው በሐሳቡ ፍጥነት ቢያካክስ ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

ሁለተኛው ክስ ጦርነትንና ጨዋታን በማደባለቅ የመጣ ነው። ደግሞም በጦርነት እንኳ ደፈጣ ነውር ሆኖ አልተቈጠረም። አርበኞቻችን ከ1936 እስከ 1941 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፥ በመሣሪያ የሚበልጣቸውን ኃይል በሸመቃ ሲወጉ ፈሪ ያላቸው ማንም የለም። ቢሆንም ቅሉ ይህ ምሳሌ ክርክሩን አይዘጋውም። በጦርነት ጠላት ደስ እንዲለው የሚጨነቅ የለም፤ በጨዋታ ግን ሁለቱም ወገኖች የተሰበሰቡት ለመጫወት ነው። እንግዲህ ክብደት ያለው ሦስተኛው ክስ ብቻ ነው።

ሁለት ሊቃውንት በዚህ ነገር ይረዱናል። የሆላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 ዓ.ም. ስለ ጨዋታ ባወጣው መጽሐፉ አጭበርባሪንና ጨዋታ አፍራሽን ለይቶ ያያቸዋል። አጭበርባሪ ሕጉን የሚጠብቅ መስሎ በስውር ይጥሰዋል፤ ጨዋታ አፍራሽ ግን ጨዋታውን ራሱን ከንቱ ያደርገዋል። በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ ደግሞ በ1978 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ፥ መጫወት ማለት ግድ ያልሆነን ችግር ወዶ መቀበልና ለማሸነፍ መጣር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በሁይዚንጋ ሚዛን ብንመዝነው አድፋጩ አጭበርባሪ አይደለም፤ የጣሰው ሕግ የለምና። ሊጠየቅ የሚገባው ጨዋታ አፍራሽ መሆን አለመሆኑ ነው።

3. የመሣሪያው አሠራር ለማን ያደላል?

ብዙ ሰዎች ቆሞ የሚጠብቀው ሁልጊዜ የበላይነት አለው ብለው ያምናሉ። የኮምፒዩተሮቹን ግንኙነት ለመረመረ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሁለት ተጫዋቾች በየቤታቸው ሆነው ሲጫወቱ፥ የአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው የሚደርሰው ሰርቨር በሚባለው ማእከላዊ ኮምፒዩተር በኩል አልፎ ነው። አንዱ ከግድግዳ ኋላ ብቅ ሲል በራሱ መስኮት ላይ ወዲያው ይታየዋል፤ በጥግ ቆሞ የሚጠብቀውንም ያን ጊዜውኑ ያየዋል። ለሚጠብቀው ግን የመጪው መልክ የሚታየው ወሬው ወደ ሰርቨር ሄዶ፥ ከዚያም ወደ እርሱ ከመጣ በኋላ ነው። ጊዜው ከሰኮንድ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ ቢሆንም፥ አንድ ጥይት በሚወስነው ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ዋጋ አለው። ስለዚህ ድንገት ብቅ የሚለው ሰው ቆሞ ከሚጠብቀው ቀድሞ የመተኮስ ዕድል ያገኛል። ግንኙነቱ በዘገየ ቍጥርም ይህ ልዩነት ይሰፋል። እንግዲህ አድፋጩ ከሚያገኘው ጥቅም ጋራ የሚከፍለው ዕዳም አለበት ማለት ነው።

4. የጨዋታ ሠሪዎች ያደረጉት

ጨዋታ ሠሪዎቹ ለቅሬታው ዝም አላሉም፤ ነገር ግን አድፋጩን ከመቅጣት ይልቅ የጨዋታውን ዓላማ ማስተካከል መርጠዋል።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ «ካውንተር ስትራይክ» ነው። ይህ ጨዋታ በ1999 ዓ.ም. በሚን ሊና በጄስ ክሊፍ አማካይነት ተጀምሮ፥ በ2023 ዓ.ም. ሁለተኛው ካውንተር ስትራይክ ወጥቷል። አምስት ሰዎች ከሁለት ስፍራዎች በአንዱ ቦምብ ለማጥመድ ይሞክራሉ፤ ሌሎች አምስት ሰዎች ይከላከላሉ። በዋናው ውድድር ዙሩ የሚቈየው 1 ደቂቃ ከ55 ሰኮንድ ነው። ጊዜው ቦምብ ሳይጠመድ ካለቀ ተከላካዮቹ ያሸንፋሉ። ቦምቡ ከተጠመደ ግን በ40 ሰኮንድ ውስጥ ይፈነዳልና፥ ለማምከን መምጣት ያለባቸው ተከላካዮቹ ይሆናሉ። ለማምከንም ያለ መሣሪያ 10፥ በመሣሪያ 5 ሰኮንድ ይፈጃል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አድፍጦ መጠበቅ የአንደኛው ወገን ሥራ ነው፤ ቦምቡ ሲጠመድም ሥራው ወደ ሌላው ይዛወራል። ከ12 ዙር በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ስለሚለዋወጡ፥ ዛሬ በአድፋጩ የሚያማርር ነገ ራሱ ያደፍጣል። ለአጥቂዎቹም ዐይን የሚጋርድ የጭስ ቦምብ፥ የሚያሳውር የብልጭታ ቦምብ፥ ከጥግ የሚያስወጣ የእሳት ጠርሙስ ተሰጥቷቸዋል። እነዚህን ሳይወረውር ወደ ጥግ ሮጦ የሞተ ሰው መውቀስ ያለበት ራሱን ነው።

በሌሎች ጨዋታዎችም ልዩ ልዩ መላ ተገኝቷል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» የሞተው ሰው በገዳዩ ዐይን በኩል አሟሟቱን መልሶ እንዲያይ ያደርጋል፤ በዚህም የአድፋጩ ስፍራ ይገለጣል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው «ፐብጂ» ደግሞ እስከ 100 ሰዎች በአንድ ሰፊ ሜዳ ይገባሉ፤ በሕይወት መቈየት የሚቻልበት ክበብ እየጠበበ ስለሚሄድ፥ በሣር ውስጥ የተኛውም ሰው ወድዶ ሳይሆን ተገድዶ ይነሣል።

ይህ ዐይነቱ መላ በቪዲዮ ጨዋታ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በኖቬምበር 22 ቀን 1950 ዓ.ም. የፎርት ዌይን ቡድን የሚኒያፖሊስን ቡድን 19 ለ18 አሸነፈ፤ ኳሱን ይዘው ሳይወረውሩ ጊዜ በመፍጀታቸው ነው። ሕግ አልጣሱም፤ ተመልካቹ ግን ተሰላቸ። ማኅበሩም በ1954 ዓ.ም. እያንዳንዱ ቡድን በ24 ሰኮንድ ውስጥ እንዲወረውር ደነገገ። በእግር ኳስም ተከላካይ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ እንዳይዝ በ1992 ዓ.ም. የተከለከለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በሁለቱም ስፖርቶች የተለወጠው ሕጉ ነው፤ ቀድሞ በሕጉ የተጫወቱት ሰዎች አጭበርባሪ አልተባሉም።

5. አግባብ የማይሆንበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ስል ማድፈጥ በማናቸውም ሁኔታ አግባብ ነው ማለቴ አይደለም። ሦስት ሁኔታዎች ተለይተው መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው፥ የሞተ ተጫዋች ዳግም በሚነሣበት ስፍራ ላይ ማድፈጥ ነው። ተነሺው ዙሪያውን ሳያይ፥ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ይመታል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ ተመልሶ ይመታል። ለዚህ ሰው ምንም የሚመርጠው ነገር አልቀረለትም። ሱትስ እንደሚለው ጨዋታ ወዶ የተቀበሉትን ችግር ለማሸነፍ መጣር ከሆነ፥ መጣር የማይቻልበት ነገር ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። በአንዳንድ ጨዋታዎች ለተነሺው ጥቂት ሰኮንድ ጥይት የማይጎዳው ጊዜ የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው፥ አንዱ የሚያየውን ሌላው ሊያይ የማይችልበት ሁኔታ ነው። ተጫዋቹ የራሱን ሰው ከኋላና ከበላይ በሚያይበት ዐይነት ጨዋታ፥ ከግድግዳ ኋላ የተቀመጠ ሰው አካሉን ሳያሳይ መንገዱን ሁሉ ይመለከታል። የሚመጣው ግን ምንም አያይም። በፐብጂ ውስጥ ይህ ቅሬታ ስለ በዛ በ2017 ዓ.ም. ሁሉም በራሱ ዐይን ብቻ የሚያይባቸው ሰርቨሮች ተለይተው ተከፈቱ። ለሁለቱም የተፈቀደ ቢሆንም፥ ጥቅሙ በሙሉ ወደ ቆመው ያጋደለ ነበርና ቅሬታው ምክንያት ነበረው።

ሦስተኛው፥ ቃል የተገባበት ሁኔታ ነው። ጓደኛሞች ከመጀመራቸው በፊት «ዛሬ ማድፈጥ የለም» ብለው ከተስማሙ፥ መሣሪያው ባይከለክልም ስምምነቱ ሕግ ነው። ያን ጥሶ የሚያደፍጥ በእውነት አጭበርባሪ ይባላል። ሳይስማሙ ቈይቶ ከተሸነፉ በኋላ ሕግ ማውጣት ግን የተገላቢጦሽ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው የምንረዳው፥ የጥያቄው መልስ በአድፋጩ ጠባይ ላይ ሳይሆን በጨዋታው አሠራር ላይ የሚገኝ መሆኑን ነው። ስለዚህ የሚከራከሩ ወገኖች ሦስት ነገር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ፤ የተመታው ሰው ሊያደርገው የሚችል ሌላ ነገር ነበረውን? መጠበቁ ከጨዋታው ዓላማ ጋራ ይስማማልን? አስቀድሞ የተሰጠ ቃል አለን? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ «አዎን»፥ የሦስተኛው «የለም» ከሆነ፥ ማድፈጡ አግባብ ነው፤ ተሸናፊውም መፈለግ ያለበት መላ እንጂ ስድብ አይደለም። መልሱ ሌላ ሲሆን ደግሞ አሸናፊው «ማን ከለከለኝ?» ብሎ መመለሱ አይበቃውም። ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ባልንጀራን እንዲጫወት አያስችለውም፤ ባልንጀራው ትቶት ከሄደ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ ማሸነፍ ትርፍ የለውም።

በበኩሌ የደረስኩበት ይህ ነው። ከእኔ ይበልጥ የተጫወተና የመረመረ ሰው ስሕተት ቢያገኝብኝና ቢያርመኝ፥ እርሱም ለነገሩ መልካም ነውና ደስ ይለኛል።