ቃል የማይነገርበት ድንጋይ

በስኮትላንድ፣ ላናርክ አጠገብ ባለው በሊ ርስት ይኖር የነበረው የሎክሃርት ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሰው የኖረ አንድ ትንሽ ጠቆር ያለ ቀይ ድንጋይ አለ። በብር ሳንቲም ላይ ተተክሎ ሰንሰለት ተበጅቶለታል፤ ሊ ፔኒ ይሉታል። የሚቀመጥበትን የወርቅ ሣጥን የሰጠችው ደግሞ በብሯ የምናውቃት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ ከቤተሰቡ አንዱ የጦር ጄኔራሏ ነበር።

አፈ ታሪኩ በፈረንጆች 1330 ይጀምራል። ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ልቡ ወደ ቅድስት አገር እንዲወሰድ ተናዞ በ1329 ሞቶ ነበር። ልቡን ይዘው ከወጡት አንዱ ሰር ሳይመን ሎክሃርት ነበር። ስፔን ላይ ውጊያ ገጠማቸው፤ ሳይመንም አንድ የሙስሊም መስፍን ማረከ ይባላል። የምርኮኛው እናት የማስለቀቂያውን ገንዘብ ስትቆጥር ድንጋዩ ከከረጢቷ ወደቀ። ተጣድፋ ስታነሣው ሳይመን አይቶ፣ እሱ ካልተጨመረ ልጇን እንደማይለቅ ነገራት። ሳንቲሙ ግን ከ1461 እስከ 1483 በነበረው በኤድዋርድ አራተኛ ዘመን የተመታ ነው፤ ማቀፊያው ከዘመቻው ከመቶ ዓመት በላይ ይዘገያል።

ድንጋዩ በሽተኛውን አይነካም ነበር። ውሃ ውስጥ ሁለቴ ይነከርና አንዴ ይሽከረከር ነበር፤ ውሃው ይጠጣል፣ ወይም ቁስል ይታጠብበት ነበር። ለታመመ ከብትና እብድ ውሻ ለነከሰው ሰው ከሩቅ ይፈለግ ነበር። በቻርልስ ቀዳማዊ ዘመን ኒውካስል ቸነፈር ሲገባባት፣ ከተማይቱ ብዙ ገንዘብ አስይዛ እንደተዋሰችውና መያዣው ቢቀር ይቅር፣ ድንጋዩን አንመልስም እስከማለት እንደደረሰች ይተረካል።

እብድ ውሻ የነከሰው ሁሉ በሽታው አይዘውም፤ የተረፉት ምስጋናቸውን ለድንጋዩ ሰጡ። ቁስልን በውሃ ማጠብም ራሱ ይረዳል። በሽታው አንዴ ከተነሣ ግን አይምርም፤ ዛሬ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ዝምታው ነው። የእኛ ጠበል ጸሎት ይደገምበታል። በሊ ግን ድንጋዩ ሲነከር አንዲት ቃል አትነገርም ነበር፤ ይህም ባለቤቱን ጠቅሞታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጥንቆላ በሞት በሚያስቀጣበት አገር፣ ሰር ጄምስ ሎክሃርት ስለ ድንጋዩ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተከሰሰ። ካህናቱ መርምረው እንደ ድግምት ያለ ቃል አላገኙበትም፤ በተፈጥሮም ሰው ምክንያቱን የማይደርስበት ብዙ ነገር አለ ብለው፣ ሰው እንዳይሰናከልበት ተጠንቅቆ እንዲጠቀም መክረው አሰናበቱት።