ከኮርቻው ሥር

አዊኛን በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ የእንጅባራ መምህር፣ በአማርኛ የሌለችውን «ጘ»ን ለማስፈር ሲል በኮምፒውተሩ ላይ የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ይጭናል፤ እንዲህ ያለውም ፕሮግራም በጣቱና በስክሪኑ መካከል እንደ አስተርጓሚ ቆሞ የተነካውን ቁልፍ ወደ ግዕዙ ለመመለስ፣ ጽሑፍ በሚቀበሉ ፕሮግራሞች ዘንድ፣ በብራውዘሩም ሆድ ጭምር፣ የራሱን ኮድ ሊያሳድር ይችላል። ከዚያ በኋላ ብራውዘሩ በድንገት ቢዘጋ መምህሩ የሚኮንነው ያንኑ ብራውዘር፣ አለዚያም የኢንተርኔት መስመሩን ነው። ጥር 23 ቀን ለቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ፈረሱን የሚሸልመው የአገው ፈረሰኛ ግን እንስሳው ርምጃው ቢሰበር እግሩን ብቻ አይመረምርም፤ ኮርቻውን አውርዶ ገጣባ እንዳለ ጀርባውን ይዳስሳል።

የብራውዘሩም ኮርቻ ከእሱ ጋር የሚጫኑት ፕሮግራሞች ናቸው፤ ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ብራውዘሩን ክሮምን በዊንዶውስ ከሚጠቀሙት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ያህል፣ ከክሮም ጋር የሚነካኩ ሌሎች ፕሮግራሞች ነበሯቸው፤ ኮዳቸውን ወደ ክሮም የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ባሉበትም ብራውዘሩ የመውደቁ ዕድል በ15 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህም በተከታዩ ዓመት ይህን በር መዝጋት ጀመረ።

ከሁሉ የረቀቀው የጸረ ቫይረሱ ነገር ነው። ድረ ገጽ ከብራውዘር ጋር በምስጢር ሲነጋገር ማንነቱን በማኅተም ያረጋግጣል፤ አንዳንዱ ጸረ ቫይረስ ግን ቃሉን ለመመርመር ከመካከል ገብቶ፣ እውነተኛውን ማኅተም አስቀርቶ የራሱን ያትማል፤ ኅሊናው በጎ ቢሆንም ግብሩ የሐሳዊ መልእክተኛ ግብር ነው ብል አላጋነንኩም። በጥር መጨረሻ 2019 እ.ኤ.አ. የብራውዘሩ የፋየርፎክስ 65ኛ እትም በወጣ ጊዜ፣ አቫስትና ኤቪጂ የተባሉት ጸረ ቫይረሶች ማኅተም በፋየርፎክስ ዘንድ ስላልታመነ፣ ጤነኞቹ ድረ ገጾች አስጊ እየተባሉ አልከፈት አሉ፤ የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላም እድሳቱን ለጊዜው ገታ። በአድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭኖ የማኅተሙን ሰጪ ስም ያነበበ ሰው፣ በዚያ የጸረ ቫይረሱን ስም ቢያገኝ፣ በመካከል የቆመው ማን እንደ ሆነ ያውቃል።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን በታገዱ ጊዜ ብዙ ሰው እገዳውን ለማለፍ ቪፒኤን ጭኖ ነበር። ከቪፒኤኖቹም አንዳንዶቹ ሲነቀሉ በዊንዶውስ ውስጥ ያሰፈሩትን የፕሮክሲ (የአማካይ ሰርቨር) አድራሻ ሳይሽሩ ይሄዳሉ፤ እንግዲህ በዳንግላ ባለ አንድ ቤት፣ በዚያው ዋይፋይ ስልኩ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ ድረ ገጽ ቢነሣው፣ አስቀድሞ የሚታየው ይህ የፕሮክሲ ቅንብር ነው።

የቀረውን የሚለየው ትዕግሥት ነው። ፋየርፎክስን ሺፍትን ተጭኖ መክፈት ኤክስቴንሽኖቹን ያቆማል፤ በዚያም ካልተፈወሰ ችግሩ ከውጭ ሊሆን ይችላልና፣ ከዊንዶውስ ጋር አብረው ከሚነሡት ፕሮግራሞች እኩሌታውን አጥፍቶ መሞከር፣ ከተጠረጠረውም ወገን እንደገና እኩሌታውን ማጥፋት ይገባል፤ በዚህ ስልት ከ16 ፕሮግራሞች መካከል አንዱ ጥፋተኛ በ4 ሙከራ ይገኛል። ጥፋተኛው የፊደል መጻፊያው ቢሆን እንኳ አዲሱን እትም መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቢነቀልም «ጘ» ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ተመዝግባ ስላለች፣ መምህሩ በዩኒኮድ የጻፈው አይጠፋም።