ነጭ መብራት ያማረባት መኪና ለማን ታበራለች?

ማታ ማታ ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ ብቅ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። የአዳማ (ናዝሬት) መንገድ ነጭ በነጭ ሆኗል! ባጃጁ ነጭ፣ ቪትዙ ነጭ፣ አይሱዙው ነጭ። አንዳንዱማ ሰማያዊም ወይን ጠጅም ያበራል። ቢጫዋን አምፖል ይዞ የቀረ ሾፌር «ሻማ ነው እንዴ የለኮስከው?» እየተባለ ይቀለድበታል።

ለመሆኑ ነጩ መብራት የተሻለ ያሳያል? ወይስ ለአምሮት ብቻ ነው? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሦስቱ ባላንጣዎች

አንደኛው ሐሎጅን ነው። ያ ሁላችንም የምናውቀው ቢጫ ቢጤ አምፖል። ውስጡ የጋለች ቀጭን ሽቦ አለች፤ እሷ ናት የምታበራው። በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኘው ኤች 4 የተባለው አምፖል ለረጅም መብራት 60፣ ለአጭር 55 ዋት ይበላል። አብዛኛው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ግን ርካሽ ነው፤ መንገድ ላይ ቢቃጠል ሾፌሩ ራሱ ይቀይረዋል።

ሁለተኛው ዜኖን ነው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1991 ይዞት ብቅ አለ። ሽቦ የለውም፤ በጋዝ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው የሚያበራው። በ35 ዋት ብቻ ከሐሎጅን እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰጣል። አውሮፓውያን ግን በዋዛ አልፈቀዱትም፤ መስታወቱን የሚያጥብና የብርሃኑን ከፍታ ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አብሮ ይገጠም አሉ። ለምን? የሌላውን ሰው ዓይን ስለሚያጥበረብር ነዋ!

ሦስተኛው የዘመኑ ሙሽራ ኤልኢዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሌክሰስ ለአጭር መብራት ተጠቀመበት። ትንሽ ጉልበት ይበላል፣ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ዲዛይነሮችም እንደፈለጉ ቅርጽ ያወጡለታል። እዚህ አገር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተወሰነ ወዲህ፣ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ኤልኢዲ ገጥመው ነው የሚመጡት።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ችግሩ አምፖሉ ላይ አይደለም፤ ቤቱ ላይ ነው! የአሮጌ መኪና መብራት ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ያ ሳህን የተሠራው ለሐሎጅኗ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ብርሃኗን ተቀብሎ አስፋልቱ ላይ እንዲያነጥፍ። በሽቦዋ ፋንታ ኤልኢዲ ሲገባበት ብርሃኑ ከቦታው ይዛነፋል። ግማሹ ወደ ላይ ይረጫል፣ ግማሹ ከጎማው ፊት ይከመራል። ሾፌሩ አፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ቦግ ሲልለት «ዋው!» ይላል። መቶ ሜትር ርቆ ያለው ጨለማ ግን እንዳለ ነው። በውጭ አልጋ፣ በቤት ቀጋ ማለት ይኼ አይደል?

አንድ የአዳማ ወጣት የደረሰበትን አጫውቶናል። ቪትዙን ኤልኢዲ አስገጥሞ፣ እጮኛውን ይዞ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ ይነዳል። ከጅቡቲ መስመር የሚመጡት ከባድ መኪኖች ረጅም መብራት እያበሩ ያስጠነቅቁታል። እሱ አጭሩን ነው ያበራው፤ «ምን አድርጌያቸው ነው?» ይላል። በመጨረሻ አንዱ የተናደደ ሾፌር ረጅሙን ለቀቀበት። ለጥቂት ሰከንድ ምንም አላየም። በዚያችው ሰከንድ መብራትም አንጸባራቂም የሌለው የአህያ ጋሪ ፊቱ ነበር። «ጋሪውን ያሳየኝ መብራቴ አይደለም» ይላል። «ጋሪው ላይ የተቀመጠው ልጅ ጩኸት ነው።» በፍሬን ለጥቂት ተረፉ። እጮኛው ግን አሁንም ማታ ከሱ ጋር አልሄድም ብላለች። ማን ይፈርድባታል?

ግራና ቀኙን ያያችሁ አለ?

ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም ነው። ጃፓኖች ግን እስካሁን በግራ ይነዳሉ። አጭር መብራት ደግሞ ወደ መንገዱ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያበራ ነው የሚሠራው። እንግዲህ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ገዝታችሁ መብራቱ አብሮ ካልተቀየረ፣ ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ ፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው!

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

1. መስታወቱን እዩት። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይና የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ የመብራቱን ፕላስቲክ ቢጫ ያደርጉታል። ደብዝዞ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ውኃ አስፈግፍጋችሁ አስወልውሉት። ብዙ ጊዜ «አምፖሉ ደከመ» የሚባለው ይኼ ነው።

2. ግድግዳ ላይ ለኩት። ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አቁሙና አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ ጫፍ ከመብራቱ መሐል ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ለባለሙያ አሳዩት።

3. ጭነት አትርሱ። ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) ቲማቲምና ሽንኩርት የጫነ መኪና ኋላው ሲወርድ አፍንጫው ቀና ይላል፤ መብራቱም ወደ ሰማይ። ማስተካከያ ቁልፍ ካለው ዝቅ አድርጉት።

4. ሰማያዊውን ተዉት። በአንድ ዓይነት ዋት ብርሃኑ እየሰማያዊ በሄደ ቁጥር የሚያሳየው እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

5. ርካሽ ኤልኢዲ ከኋላው ትንሽ ማራገቢያ አለችው። በመተሐራ ሙቀት ያቺ ማራገቢያ አቧራ ጠጥታ ቆመች ማለት፣ አምፖሉም አለቀለት።

6. ማማር ከፈለጋችሁ የፋብሪካ ኤልኢዲ ያለው መኪና ግዙ፤ ወይም አምፖሉን ብቻ ሳይሆን ለሱ ተብሎ የተሠራውን ሙሉ ቤት ግጠሙ። አቅም ከሌለ ጥሩ ሐሎጅን በጠራ መስታወት ውስጥ ይበቃችኋል።

መኪናችሁ ብታምር ደስ ይለናል፣ ምቀኞች አይደለንም። ግን ፊት ለፊታችሁ የሚመጣው ሾፌር እናንተን ካላየ፣ ማማራችሁን ማን ሊያይላችሁ ነው?