ብርዱና ስስ አየሩ፦ ለመሐል ሜዳ ኮምፒውተር ምን ዓይነት ማቀዝቀዣ ይሻላል?

የሃርድ ዲስክ አምራቾች ስለ ምርታቸው በሚያወጡት መግለጫ ውስጥ ብዙ ገዢ ዘሎት የሚያልፈው አንድ መስመር አለ፦ «ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,050 ሜትር»። ዴል ለብዙዎቹ ዴስክቶፖቹ ያስቀመጠው ጣሪያም 3,048 ሜትር ነው። የመንዟ መሐል ሜዳ ያለችው 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመንዝ ኮምፒውተር የሚገጥም ሰው እንግዲህ ሥራውን የሚጀምረው የፋብሪካው መሐንዲስ ካሰመረው ወሰን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። ከዚያ ከፍታ በላይ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሞልተዋል። ግን የሰርግ ቪዲዮ ለማቀናበር፣ የሕንፃ ንድፍ ለመሥራት ወይም ፕሮግራም ለመጻፍ ጠንካራ ማሽን የሚያስፈልገው ወጣት ዕቃውን ከአዲስ አበባ ለይቶ ገዝቶ በጣርማ በርና በሞላሌ በኩል ወደ ቤቱ ሲያመጣ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ያነበበውና ያየው ምክር ሁሉ የተዘጋጀው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ፕሮሰሰሩን በውሃ ላቀዝቅዘው ወይስ በአየር የሚለው ጥያቄ ደግሞ በመሐል ሜዳ የራሱ መልስ አለው።

መነሻው አየሩ ነው። ፋን የሚገፋው አየር ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው በክብደቱ መጠን ነው። በ3,100 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በግርድፉ ለማስላት ያህል፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት በ45 ዲግሪ በላይ የሚያቆየው ኩለር መሐል ሜዳ ላይ በ57 ዲግሪ ገደማ በላይ ያቆየዋል። ኪሳራ ነው። ይሁን እንጂ የመሐል ሜዳ ክፍል 15 ዲግሪ ከሆነ ድምሩ 72 ዲግሪ ይመጣል። እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ አየሩ ወፈር ስለሚል ጭማሪው ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ክፍሉ ግን በበጋ 32 ዲግሪ ቢሆን ድምሩ 82 ይደርሳል። ስስ አየር የሚወስደውን ብርዱ አብልጦ ይመልሳል ማለት ነው። በእኔ እምነት የመንዝ ሸማች ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ተፈጥሮ ግማሹን ሥራ ሠርታለታለችና ውድ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ከሌላው ሰው ያነሰ ነው።

ውሃ ቢገባበትስ? ብዙ ሰው በውሃ የሚሠራ ኩለር እንደ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። አይደለም። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ የመዳብ ሳህን አለ፤ ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን በዚያ ላይ ያሳልፍና በሁለት ጎማ ቱቦዎች ወደ ራዲያተር ይልከዋል፤ በራዲያተሩ ላይ የታሰሩት ፋኖች ሙቀቱን ወደ አየር ያስወጡታል። መጨረሻው አሁንም አየር ነው። ፈሳሹ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም፤ በቱቦው ላይ ጤዛ ይቋጥራል የሚለው ስጋትም ለዚህ ዓይነቱ ኩለር መሠረት የለውም። የውሃ ጥቅሙ ሌላ ነው። ተመሳሳይ መጠን ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ከ3,000 ጊዜ በላይ ሙቀት ይሸከማል፤ ከፍታ ላይም አይሳሳም። በዚህ የተነሳ ሙቀቱን ከጠባቧ ፕሮሰሰር አንስቶ ወደ ሰፊ ራዲያተር በፍጥነት ያደርሰዋል። ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲጨነቅም ፈሳሹ ሙቀቱን ዋጥ አድርጎ ያስታግሳል፤ ፋኖቹም ወዲያው አይጮኹም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው 3081 የተባለ ትልቅ ኮምፒውተር በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ደግሞ ሰርኪቶቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ነበር የሚሠሩት። ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ያወረዱት እንደ ዴንማርኩ አሴቴክ ያሉ ኩባንያዎች ናቸው፤ ፓምፑንና ሳህኑን አንድ ላይ አድርገው ከፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ ኩለር ሠሩ። ኮርሴር በ2009 ያወጣው ኤች 50 በአሴቴክ የተሠራ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚታየው የታሸገ ኩለር አብዛኛው የዚያ ዘር ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ማሽን ማቀዝቀዝ የብዙ ሜጋዋት ጉዳይ ሆኗል፤ ኩባንያዎቹን ከሳቧቸው ነገሮች አንዱም ከርካሹ ኃይል ቀጥሎ የደጋው ቀዝቃዛ አየር ነው።

በአየር የሚሠራው ታወር ኩለርም ቢሆን በውስጡ ውሃ አለው። ከመዳብ የተሠሩት ቀጫጭን ቧንቧዎቹ አየራቸው ተመጥጦ ጥቂት ውሃ ይዘው ታሽገዋል። ውሃው ፕሮሰሰሩ ዘንድ ይተናል፣ ላይ ክንፎቹ ዘንድ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶም ይወርዳል። የታሸገ ስለሆነ የመሐል ሜዳ ከፍታ አይነካውም። ፓምፕ የለውም፤ የሚንቀሳቀሰው አካሉ ፋኑ ብቻ ነው፤ ፋን ደግሞ በየትኛውም የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ለመንዝ ሰው ሚዛን የሚደፋው ነጥብ ይህ ነው እላለሁ። የታሸገው የውሃ ኩለር ፓምፑ ከሞተ ጥገና የለውም፤ ተነቅሎ ይጣላል። ጥሩዎቹ አምራቾች የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው ግን ዕቃውን ወደ ውጭ መልሶ ለመላክ ለሚችል ሰው ነው የሚጠቅመው።

ስለዚህ ምርጫው ከፕሮሰሰሩ ይጀምር። ኮር አይ 5 12400 ወይም ራይዘን 5 7600 የ65 ዋት መደብ ናቸው፤ ለእነዚህ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ኩለር ሥራውን ይሠራል፣ ርካሽ ታወር ከተጨመረለት ደግሞ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ራይዘን 7 7800 ኤክስ 3ዲ በወረቀት 120 ዋት ይባል እንጂ በሥራ ላይ የሚወስደው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ እሱም ባለ ሁለት ፋን ታወር ይበቃዋል። የውሃ ኩለር በእርግጥ የሚገባቸው እንደ ኮር አይ 9 14900ኬ ያሉ ናቸው፤ አምራቹ ራሱ እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ፈቅዶለታል። ራይዘን 9 7950 ኤክስም እስከ 95 ዲግሪ እየሞቀ እንዲሠራ የተቀረጸ ነው፤ ያ ቁጥር ስክሪን ላይ ሲታይ መደንገጥ አይገባም። ሙሉ ሌሊት ቪዲዮ ሬንደር የሚያደርግ ሰው እነዚህን ከገዛ ባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ይያዝ። ባለ 120 ሚሊ ሜትሩን የውሃ ኩለር ግን ለማንም አልመክርም፤ በዚያው ዋጋ የሚገኝ ታወር ይበልጠዋል።

ራዲያተሩ ከመገዛቱ በፊት ኬዙ ይለካ። ተራ ራዲያተር 27 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ፋኑ 25 ሲጨመር 52 ይሆናል። ኬዙ ጣሪያ ላይ ያን ያህል ክፍተት ከሌለው ከራሙ ወይም ከማዘርቦርዱ ጋር ይጋጫል። የአርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር ራዲያተሮች ደግሞ 38 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ የበለጠ ቦታ ይጠይቃሉ። ማያያዣው ብረት ከፕሮሰሰሩ ሶኬት ጋር የሚሄድ መሆኑን አዲስ አበባ ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማየት ነው። አንዲት ቪት ጎድላ መሐል ሜዳ ላይ ከተገኘች ሥራው እስከሚቀጥለው መንገደኛ ይቆማል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፓምፑ ቦታ ነው። በታሸገ ኩለር ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት አየር አለ፤ በጎማው በኩል ፈሳሹ ቀስ በቀስ ስለሚተንም በዓመታት ውስጥ አየሩ ይጨምራል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ፓምፑ ከራዲያተሩ በላይ ከሆነ አየሩ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ይንጎራጎራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከሁሉ የሚሻለው ራዲያተሩን ከኬዙ ጣሪያ ላይ መስቀል ነው። ከፊት ለፊት ከቆመም ጫፉ ከፓምፑ ከፍ ይበል። ከኬዙ ወለል ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ትዕግሥት ነው። በመዳቡ ሳህን ላይ የተለጠፈችው ቀጭን ፕላስቲክ ትነሣ፤ እሷን ረስቶ ገጥሞ ማሽኑ ለምን ይጠፋል እያለ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነው። ሙቀት አስተላላፊው ፔስት ከፋብሪካ ካልተቀባ በፕሮሰሰሩ መሐል አተር የምታክል ይበቃል። ቪቶቹ በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠበቁ። ከላይ የጠቀስኳቸው ራይዘኖች በሚገጠሙበት የኤኤም 5 ማዘርቦርድ ጀርባ ያለው ብረት ሶኬቱንም የያዘ ስለሆነ አይነቀልም። የፓምፑ ሽቦ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል በሚያገኝ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ የፋኖቹ ደግሞ «ሲፒዩ ፋን» በሚለው ላይ፤ ይኸኛው ባዶ ከሆነ ብዙ ማዘርቦርድ ስሕተት አለ ብሎ ሥራ አይጀምርም። ፋኑ አየር የሚስበው ክፍት በሆነው ፊቱ በኩል፣ የሚተፋውም ድጋፍ ብረት ባለበት ጀርባው በኩል መሆኑን አይቶ መግጠም ነው።

የመንዝ የራሱ የሆነ ጥንቃቄም አለ። ከጓሳ ደጋ ወገን የሚመጣው የበጋ ሌሊት ውርጭ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። የታሸጉት ኩለሮች ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ግላይኮል ስላለበት በቀላል ውርጭ አይረጋም። ግን በራስ የሚሞላ የውሃ መስመር የሚሠራ ሰው ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልቶበት ማሽኑ በጭነት መኪና ላይ ወይም እሳት በሌለው ቤት ሲያድር ዜሮ ዲግሪ ከነካው ፈሳሹ ረግቶ ይሰፋል፤ መገጣጠሚያውንም ይሰነጥቀዋል። የባትሪ ውሃ ጨምሮ መሙላትም መፍትሔ አይደለም፤ መዳብና አሉሚኒየም በአንድ መስመር ላይ ካሉ ዝገት መከላከያ በሌለው ውሃ አሉሚኒየሙ ይበላል። ከፍታው በራሱ የታሸገውን ኩለር አያፈነዳውም፤ ከሸዋ ሮቢት የወጣ የብስኩት ፌስታል እንደሚነፋ ሁሉ ጎማው ትንሽ ይወጠራል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም።

ከውርጩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጭሱ ነው። ዛፍ በተመናመነበት ደጋ ኩበት ይነዳል፤ ጥላሸቱም በራዲያተሩ ክንፎች መሐል ከአቧራ ጋር ተጣብቆ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ኮምፒውተሩ ከምድጃ ርቆ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በበጋ ወራት ራዲያተሩ በየወሩ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑና ፕሮሰሰሩ አብረው ስለሚቆሙ ኩለሩ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በኃይል መዋዠቅ ፓወር ሰፕላዩና ያልተቀመጠው ሥራ ነው።

አንድ ሰው በጀቱ ውስን ሆኖ ምክር ቢጠይቀኝ መልሴ ይህ ነው፦ ሃርድ ዲስኩን ተውና ከፍታ ብዙም የማይነካውን ኤስኤስዲ ግዛ፤ ለፕሮሰሰሩ ባለ ሁለት ፋን ታወር አድርግ፤ ከውሃ ኩለሩ የተረፈህን ገንዘብ ለስታብላይዘርና ለዩፒኤስ አውለው፤ አንድ መለዋወጫ ፋንም ከአዲስ አበባ ይዘህ ና።