ኤም አር አይ ስንታይ ለምን «አትንቀሳቀሱ» ይሉናል?

በኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ በሰው ብዛት መካከል ዘመዱን ሊጠራ የሞከረ ሁሉ ጫጫታ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሞተሩ፣ የተሳፋሪውና የስልኩ ድምፅ ተደበላልቆ ስም እንኳ አይለይም።

በዚሁ ጣቢያ በኩል የኩፓት ሆሊም ወረቀት ይዘው ለኤም አር አይ ምርመራ የሚሄዱ ወገኖች አሉን። በሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ሁለት ነው፦ ይጎዳል ወይ? ለምንስ ያን ያህል ጊዜ እንደ እንጨት ደርቃችሁ ተኙ ይሉናል?

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። ኤም አር አይ ራጅ አይደለም፤ የራጅ ጨረርም የለበትም። የሚሠራው በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ነው።

ሁለተኛው ግን ሰፋ ያለ ነው። መሣሪያው የራዲዮ ሞገድ ሲልክ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃ እጅግ ደካማ ሞገድ ይመልሳል። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን የሚሠራው ከዚህ ነው። ችግሩ የሰውነታችን ሙቀት ራሱ ጫጫታ ይፈጥራል፤ ከውጭም የራዲዮ ጣቢያ ሞገድ ሊገባ ይችላል። ጫጫታው ሲበዛ ሥዕሉ ጣቢያ እንደጠፋበት የድሮ ቴሌቪዥን በነጠብጣብ ይሞላል፤ ትንሽ ዕጢም ሊሸሸግበት ይችላል።

ስለዚህ ክፍሉ በመዳብ ይለበዳል፤ የሞገድ መቀበያውም ከሚታየው አካል አጠገብ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘዴ መደጋገም ነው። በጣቢያው አንዴ የጠራነው ሰው ካልሰማ ደግመን እንጠራው የለም? ከሰውነት የሚመለሰው ሞገድ በየጊዜው አንድ ዓይነት ነው፤ ጫጫታው ግን ይለዋወጣል። ሲደማመሩ እውነተኛው ይጎላል። ሆኖም ጫጫታውን በግማሽ ለመቀነስ 4 ጊዜ፣ ወደ ሩብ ለማውረድ 16 ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ምርመራው የሚረዝመው በከፊል ለዚህ ነው። በመካከሉ ከተንቀሳቀሳችሁ ድግግሞሹ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም፤ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ ይመጣል። ዛሬ ጫጫታውን የሚያጠሩ አዳዲስ የኮምፒዩተር ዘዴዎች ጊዜውን እያሳጠሩት ነው፤ በደንብ የተኛን ሰው ግን አይተኩም።

በጆሮ የሚሰማው ከባድ ኳኳታ ሌላ ነገር ነው። እርሱ የመሣሪያው ሥራ ስለሆነ አትደንግጡ፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጣችኋል። ከጨነቃችሁ በእጃችሁ የሚሰጣችሁን መጥሪያ ተጫኑ።

ቀለበት፣ የብር ጌጥ፣ ብረት ያለበት ክታብ ካለ ሳታፍሩ አውልቁ። በሱዳን መንገድም ሆነ በሌላ ጊዜ ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረበት፣ ወይም የልብ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ይህ የሥዕል ጥራት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። መጠይቁንም የ10 ዓመት ልጅ አያስተርጉመው፤ አስተርጓሚ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።