ስለ አውቶሞቢል አየር ማቀዝቀዣ ምርመራና ጥገና፤ በተለይም በደጋ ተጠግኖ ወደ ቆላ ስለሚወርድ መኪና

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአውቶሞቢል አየር ማቀዝቀዣ በምን ሕግ እንደሚሠራ፣ በተበላሸም ጊዜ ብልሽቱ በምን ዘዴ እንደሚታወቅና እንደሚጠገን ባጭሩ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ለመካኒኮች ብቻ የተተወ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ዕውቀት ስለ ትነት፣ ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት በፊዚክስ ትምህርት የምናገኘው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከዚህም በላይ ለአገራችን የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። በአዲስ አበባ የሚውል መኪና ማቀዝቀዣው ብዙ ጊዜ ሳይፈለግ ይከርማል፤ ባለቤቱ ወደ አዋሽ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሰመራ ለመውረድ በተነሣ ጊዜ ግን እንዲሠራለት ይሻል። ስለዚህ ጥገናው የሚደረገው አየሩ በቀዘቀዘበትና በሳሳበት ደጋ ሲሆን፣ ሥራው የሚፈተነው በቆላ ነው። በምርመራ ላይ ከሚደርሰው ስሕተት ብዙው የሚመነጨው ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

በጋራዥ ደጃፍ ዘወትር የሚሰማው ቃል «ጋዙ አልቋልና ሙላልኝ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ጋዙን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ጋዙ በዝግ መንገድ እየዞረ የሚመላለስ ነው። በጎማ ቱቦዎች ውስጥ በየዓመቱ በጥቂቱ የሚሰርገው ካልሆነ በቀር፣ ጋዝ ጎድሎ ከተገኘ ያመለጠበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መጨመር በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጫን ነው።

1ኛ/ የመሣሪያው አሠራር

በሸክላ እንስራ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው? እንስራው በላቡ መጠን ውሃ ወደ ውጭ ስለሚያወጣና ያም ላብ በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ከውስጡ ውሃ ስለሚወስድ ነው። የመኪናው ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ የተነነው ነገር በነፋስ እንዲበተን አለመተዉና ተይዞ እንደገና ወደ ፈሳሽነት መመለሱ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች አራት ናቸው። መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ ነው፤ ይኸውም በሞተሩ ቺንጋ እየተሽከረከረ ቀዝቃዛውን ተን ስቦ አምቆ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ይገፋዋል። ሁለተኛው ኮንደንሰር ሲሆን፣ ከራዲያተሩ ፊት ተቀምጦ ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክባል፤ ተኑም በዚያ ፈሳሽ ይሆናል። ሦስተኛው ማስፋፊያ ቫልቭ ነው፤ ፈሳሹ በዚህ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል። አራተኛው በዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ነው፤ ፈሳሹ በውስጡ ሲተን ከተሳፋሪው ክፍል አየር ሙቀት ይወስዳል፣ እርጥበቱንም ያንጠባጥባል። ከእነዚህ ጋር የተጠራቀመ እርጥበት የሚይዝ ማድረቂያ ይገኛል።

ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክላች ነው። የፓካርድ ኩባንያ ለ1940 ሞዴል መኪናዎቹ ማቀዝቀዣ ባቀረበ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህ ክላች ስላልነበረ፣ ማቀዝቀዣውን ለማቆም ሞተር አጥፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ያስፈልግ ነበር።

2ኛ/ ስለ ግፊትና ስለ ከፍታ

አንድ ፈሳሽ የሚፈላበት ሙቀት በላዩ ባለው ግፊት ይወሰናል። በአዲስ አበባ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላም ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዙ መኪናዎች የሚገኘው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። በ2.93 ባር ፍጹም ግፊት ውስጥ የሆነ እንደሆነ ግን በዜሮ ዲግሪ፣ በ5.72 ባር በ20 ዲግሪ፣ በ13.2 ባር ደግሞ በ50 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ግፊቱን ያወቀ ሰው የሚተነውን ጋዝ ሙቀት ቴርሞሜትር ሳይከት ያውቃል።

ይሁን እንጂ መካኒኩ የሚይዘው ጌጅ ፍጹሙን ግፊት አይለካም፤ በቱቦው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው እንጂ። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ 1.01 ባር ሲሆን በአዲስ አበባ 0.76 ባር ገደማ ነው። እንግዲህ በዜሮ ዲግሪ የሚተን ጋዝ በጂቡቲ ወደብ በጌጁ ላይ 1.92 ሲያሳይ በአዲስ አበባ 2.17 ያሳያል ማለት ነው። ለባሕር ጠለል የታተመውን ሰንጠረዥ በእጁ ይዞ መርፌውን አዲስ አበባ ላይ 1.92 እንዲያነብ ያስተካከለ ሰው፣ ሳያውቀው ጋዙን ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ተኩል አውርዶ ኢቫፖሬተሩን ለውርጭ ያጋልጣል።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት በውጭው አየር ሙቀት የሚመጣው ነው። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለማስረከብ ከውጭው አየር መሞቅ አለበት፤ ልዩነቱን 20 ዲግሪ ያህል ነው እንበል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ 22 ዲግሪ ሲሆን ጋዙ በ42 ዲግሪ ፈሳሽ ይሆናል፤ የከፍተኛው ግፊት ጌጅም ወደ 10 ባር ያሳያል። ያው መኪና ድሬዳዋ ወርዶ አየሩ 35 ዲግሪ ሲሆን ጋዙ 55 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጌጁም ወደ 14 ባር ይወጣል። በሁለቱም ቦታ መኪናው ጤነኛ ነው። ለሞቃት አገር የተጻፈውን 14 ባር በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ጧት ለማግኘት ጋዝ እየጨመረ የሚሄድ ሰው ግን ከመጠን በላይ ይሞላዋል፤ መኪናው ቆላ በደረሰ ጊዜ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ወደ 30 ባር ገደማ ሲደርስ መከላከያው ስዊች ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። ባለቤቱም ማቀዝቀዣው በሚያስፈልገው ሰዓት ያጣዋል።

3ኛ/ የምርመራው ቅደም ተከተል

ጌጅ ከመታሰሩ በፊት ዐይን፣ ጆሮና እጅ ሊቀድሙ ይገባል። ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ የኮንደንሰሩ ፊት በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ እንደሆነ፣ ቬንትሌተሩ ይዞር እንደሆነ፣ የተሳፋሪው ክፍል ማጣሪያ ቆሽሾ እንደሆነ ይታያል። በመጋጠሚያዎች ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ከተገኘ ትልቅ ምልክት ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋዝ ያመለጠበት ቦታ ዘይትም ይታያል።

ቀጥሎ ክላቹ ይይዝ እንደሆነ ይመረመራል። ካልያዘ ፊውዙ፣ ሪሌዩ፣ ሽቦውና የክላቹ ጥቅል በቴስተር ይለካሉ። የግፊት ስዊቹ መንገዱን ዘግቶ ከተገኘ ግን ስዊቹ ተበላሽቷል ብሎ መቸኮል አይገባም፤ ጋዝ በመጉደሉ ተግባሩን እየፈጸመ ሊሆን ይችላል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማሠራት፣ ከጋዙ ጋር የሚመጣለትን ዘይት ያጣ ኮምፕሬሰር እንዲቃጠል መፍረድ ነው።

ከዚህ በኋላ ጌጁ ይታሰራል፤ ሰማያዊው በዝቅተኛው፣ ቀዩ በከፍተኛው ግፊት በኩል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ሁለቱ መርፌዎች እኩል ሲሆኑ የሚነበበው ግፊት፣ በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ የሙቀቱን መጠን እንጂ የጋዙን ብዛት አይናገርም። ስለዚህ በቆመ መኪና ላይ ግፊት አይቶ «ሙሉ ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ለሌላ ነገር ግን ይጠቅማል። በ20 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ የሚጠበቀው 4.96 ባር ነው፤ ከዚህ ብዙ ከበለጠ አየር ወይም ባዕድ ጋዝ ገብቷል ማለት ነው። እዚህም ላይ የባሕር ጠለሉን 4.7 ባር የሚጠብቅ ሰው ጤነኛውን መሣሪያ ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል።

ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር ይያዛል፤ ማራገቢያው በሙሉ ኀይሉ እንዲነፍስ ተደርጎ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌዎቹም አንድ ላይ ይነበባሉ፦

ሀ) ሁለቱም ዝቅ ካሉ፣ ብዙውን ጊዜ ጋዙ ጎድሏል፤ ቀዳዳው ይፈለግ።

ለ) ሁለቱም ከፍ ካሉ፣ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማስረከብ አልቻለም፤ ወይም ጋዙ በዝቷል፤ ወይም አየር ገብቷል። በኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ሲረጭ ግፊቱ ፈጥኖ ከወረደ ቬንትሌተሩና ንጽሕናው ይመርመሩ።

ሐ) ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ካለ፣ ኮምፕሬሰሩ ማመቅ ተስኖታል፤ ወይም ማስፋፊያ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

መ) ዝቅተኛው ከውጭው አየር በታች እስኪሆን ከወረደ፣ መንገዱ ተደፍኗል። ማቀዝቀዣው ጥቂት ሠርቶ የሚቆም፣ ዐርፎ ደግሞ የሚሠራ ከሆነ፣ እርጥበት በቫልቩ ቀዳዳ ላይ በረዶ እየሆነ መዝጋቱ ይጠረጠራል።

ሁለቱም ግፊቶች ትክክል ሆነው የሚነፍሰው አየር ካልቀዘቀዘ፣ ጥፋቱ ከጋዙ መንገድ ውጭ ነው፤ የማሞቂያው በር ሳይዘጋ ቀርቶ ሙቅ አየር ይቀላቅል ይሆናል።

4ኛ/ ጥገናው

ያለው ጋዝ አስቀድሞ በመሣሪያ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል እንጂ ወደ አየር አይለቀቅም። ቀዳዳው በሳሙና አረፋ፣ በሚያበራ ቀለም ወይም በጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ይፈለጋል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ከመጋጠሚያው በታች መያዝ አለበት። በግፊት ለመፈተን ደረቅ ናይትሮጅን በግፊት መቆጣጠሪያ በኩል ይሰጣል፤ ኦክሲጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። የተበላው የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበት ዘይት ተቀብቶ ይተካል፤ መንገዱ ብዙ ቀን ተከፍቶ ከቆየም ማድረቂያው ይለወጣል።

ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ተስቦ ይወጣል። ውሃ በ20 ዲግሪ ፈልቶ እንዲወጣ ፍጹሙ ግፊት ከ0.023 ባር በታች መውረድ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ የጌጁ መርፌ በባሕር ዳርቻ ከዜሮ በታች አንድ ባር ያህል ሲያሳይ፣ በአዲስ አበባ ከ0.76 አያልፍም፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ከዚያ አይበልጥምና። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ፓምፕ ይጥላል። ፍጹም ግፊት የሚለካ ጌጅ ከተገኘ ክርክሩ ሁሉ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተሳበ በኋላ ቫልቮቹ ተዘግተው ይጠበቃል፤ መርፌው ከተመለሰ ቀዳዳ ወይም እርጥበት ቀርቷል።

በመጨረሻም ጋዙ በሚዛን ይሞላል። ትክክለኛው ክብደት ብዙ ጊዜ በሞተሩ ክዳን ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለብዙ ትንንሽ መኪናዎች ከ400 እስከ 700 ግራም ይሆናል። ግፊት በከፍታና በአየር ጠባይ ይለዋወጣል፤ አምስት መቶ ግራም ግን በእንጦጦም በሰመራም አምስት መቶ ግራም ነው። በደጋ ለሚሠራ መካኒክ ሚዛን ከጌጅ የበለጠ ታማኝ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

5ኛ/ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ፈሳሹ ጋዝ በቆዳና በዐይን ላይ ቢረጭ በብርድ ያቃጥላል፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። በመመርመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ቢጠራቀም ትንፋሽ ያሳጣል፤ ነበልባል ሲያገኘውም መርዛማ አሲድ ይሆናል። በአር 134ኤ ፈንታ የማብሰያ ቡታጋዝ መሙላት እሳትን በተሳፋሪው እግር ሥር ማኖር ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው አር 12 የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን ያሞቃል፤ በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው 1,300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይመዝናል። በ2016 በኪጋሊ በተደረሰው ማሻሻያ አጠቃቀሙ እንዲቀነስ የተወሰነውም ስለዚህ ነው። አምስት መቶ ግራም በቸልተኝነት መልቀቅ ወደ 280 ሊትር ቤንዚን ከማቃጠል ጋር ይተካከላል።

ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። በእነዚህ ውስጥ ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሽከረከር፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የተለየ ዘይት ይፈልጋል፤ የተለመደውን ዘይት ማቀላቀል አደጋ ነው። ብርቱካናማውን ሽቦ ያልተማረ ሰው አይንካው። በብዙዎቹም ያው ማቀዝቀዣ ባትሪውን ጭምር ያቀዘቅዛልና ብልሽቱ ከምቾት ያልፋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው፣ የማቀዝቀዣ ምርመራ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማንበብ ነው፤ ይኸውም የጌጁን መርፌ፣ የውጭውን ሙቀትና የቦታውን ከፍታ። ለደጋ ጋራዦች ይህን ልዩነት ያሰላ አንድ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ኮምፕሬሰሮችን ያድናል፤ ሥራውም ለአንድ ተማሪ ከአንድ ሳምንት የሚበልጥ አይሆንም። የመኪና ባለቤቶችም በብርዱ ወራት ቢሆን በየሳምንቱ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣውን ቢያሠሩ፣ ዘይቱ እየዞረ የኮምፕሬሰሩን ማሸጊያ ከመድረቅ ይጠብቀዋል። በክረምት መስተዋት ላይ የሚያርፈውንም ጉም ፈጥኖ ስለሚያደርቅ፣ ለደጋ ሰው ፈጽሞ አያስፈልግም ሊባል አይቻልም።